የሲስተም ላይብረሪ እርጅናና የፋብሪካዎቻችን ኮምፒዩተሮች

(ዱከም ላይ በተደረገው የአባላት ስብሰባ የቀረበ ንግግር፤ ለመጽሔቱ እንዲስማማ በመጠኑ ተስተካክሏል።)




ዛሬ እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ ላይ ላዩን ሲታይ ጥቂት የኮምፒዩተር ባለሙያዎች ብቻ የሚጨነቁበት ጥቃቅን ጉዳይ ይመስላል። አንድ ፕሮግራም እንዲነሣ ሲታዘዝ እምቢ ይላል፤ እምቢ ያለበትንም ምክንያት በአንድ መስመር ጽፎ ይቆማል። መስመሩ በአማርኛ ሲፈታ «የምፈልገው የላይብረሪ እትም እዚህ የለም» ማለት ነው። ነገሩ በአዲስ አበባ ቢሮ ውስጥ የገጠመ እንደሆነ ሌላ ኮምፒዩተር ይቀርባል፣ ወይም ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እንደገና ይጫናል፣ ከሰዓት በኋላም ሥራው ይቀጥላል። ከዱከም እስከ አዳማ በተዘረጋው የፋብሪካ መስመር ግን ኮምፒዩተሩ ከማምረቻው መሣሪያ ጋር አብሮ የተገዛ፣ አብሮ የተተከለ፣ አብሮም የሚያረጅ ስለሆነ ያቺ አንዲት መስመር የምርት አዳራሽ እስከ ማቆም ትደርሳለች። ስለዚህ ነገሩን ከመሠረቱ ጀምረን ብናየው ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

በመጀመሪያ ላይብረሪ ስንል ምን ማለታችን እንደሆነ በአጭሩ ላስታውስ። ማንኛውም ፕሮግራም ፋይል ለመክፈት፣ ሰዓት ለመጠየቅ፣ ቁጥር ለማተም ወይም ስም በፊደል ተራ ለመደርደር የየራሱን መሣሪያ አይሠራም። እነዚህ የዘወትር ተግባራት አንድ ጊዜ ተጽፈው በጋራ ስብስብ ውስጥ ይቀመጣሉ፤ ፕሮግራሙ በተነሣ ቁጥርም ጫኝ የሚባለው ትንሽ ፕሮግራም የሚያስፈልጉትን ከስብስቡ ፈልጎ ያገናኝለታል። በሊኑክስ ዘንድ የዚህ ስብስብ ራስ ጂሊብሲ ተብሎ የሚታወቀው የሲ ላይብረሪ ነው። በአንድ የተለመደ የሊኑክስ ሰርቨር ላይ ፋይል ከምትቀዳው ትንሽ ትእዛዝ ጀምሮ እስከ ትልቁ ዳታቤዝ ድረስ በዚህ ላይብረሪ ላይ የማይቆም የለም ማለት ይቻላል።

ይህን አካባቢ የሚያቋርጡትን ሁለት የባቡር ሐዲዶች ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የቀድሞው የጅቡቲ ሐዲድ ስፋቱ 1 ሜትር ነበር፤ መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ ሐዲድ ደግሞ 1,435 ሚሊ ሜትር ነው። የአንዱ ፉርጎ በሌላው ላይ አይሄድም። ሲስተም ላይብረሪም ለፕሮግራም እንደ ሐዲድ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም፤ ምሳሌው ግን እስከ መጨረሻው አይወስደንም። ምክንያቱም አዲሱ ሐዲድ የአሮጌውን ፉርጎ አይሸከምም፤ አዲስ የጂሊብሲ እትም ግን የአሮጌውን ዘመን ፕሮግራም ይሸከማል። ችግሩ ያለው በተገላቢጦሹ ነው።

ይህ እንዴት ሊሆን እንደቻለ መረዳት ለመፍትሔው ቁልፍ ስለሆነ ከዚህ ላይ ጥቂት እንቆይ። የጂሊብሲ አዘጋጆች ከአሮጌ ፕሮግራሞች ጋር ያላቸው ውል ጥብቅ ነው። በላይብረሪው ውስጥ ያለ እያንዳንዱ ተግባር የመጣበትን እትም የሚናገር ምልክት አለው። የአንድ ተግባር ጠባይ ሲለወጥ አሮጌው አይጣልም፤ አዲሱ አዲስ ምልክት ይዞ ከጎኑ ይቀመጣል። አሮጌ ፕሮግራም በአሮጌው ምልክት ተጣርቶ አሮጌውን ያገኛል፤ አዲሱም እንደዚሁ።

ይህ ጥንቃቄ በባዶ ሜዳ የበቀለ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 መገባደጃ ፌዶራ 14 ሲወጣ፣ የማስታወሻ ይዘት የሚቀዳው ሜምኮፒ የተባለ ተግባር ለፍጥነት ሲባል አካሄዱ ተለውጦ ነበር። በደንቡ መሠረት የሚቀዳው ይዘት ምንጭና መድረሻ የተደራረቡ እንደሆነ በዚህ ተግባር መጠቀም አይፈቀድም፤ የአዶቤ ፍላሽ ማጫወቻ ግን ደንቡን ሳይጠብቅ ይገለገልበት ስለነበረ ከድረ ገጾች የሚሰማው ድምፅ ተበላሸ። ክርክር ተነሣ። አንዱ ወገን «ጥፋቱ ደንቡን የጣሰው የፍላሽ ነው» አለ። ሊነስ ቶርቫልድስ በበኩላቸው፣ ተጠቃሚው ጥፋተኛው ማን እንደሆነ ግድ እንደሌለው፣ የሚያየውም ትናንት ይሠራ የነበረው ነገር ዛሬ አለመሥራቱን ብቻ እንደሆነ አምርረው ተሟገቱ። በመጨረሻም አዲሱ ሜምኮፒ የ2.14ን ምልክት ይዞ፣ አሮጌውም ለአሮጌ ፕሮግራሞች እንደነበረ ሆኖ፣ ሁለቱ ጎን ለጎን እንዲኖሩ ተደረገ። በበኩሌ ሊነስ ቶርቫልድስ ትክክል ነበሩ እላለሁ፤ ፋብሪካ ውስጥ የሠራ ሰው ሁሉ ይህን ለመረዳት ረጅም ማብራሪያ አያስፈልገውም።

እንግዲህ ውሉ ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚያደላ መሆኑን ልብ በሉ። ትናንት የተሠራ ፕሮግራም በዛሬው ላይብረሪ ላይ ይኖራል፤ ዛሬ የተሠራ ፕሮግራም ግን በትናንቱ ላይ እንዲኖር ቃል የገባ የለም። ከዚህም የባሰው ፕሮግራሙ ምንም አዲስ ነገር ሳይጠቀም እንኳ የአዲስ ምልክት ባለዕዳ ሆኖ መገኘቱ ነው። ፕሮግራሙ ኮምፓይል በሚደረግበት ኮምፒዩተር ላይ የተገኘው የመጨረሻው ምልክት፣ ማንም ሳይጠይቅ፣ በፕሮግራሙ ላይ ይጻፋልና። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2021 የወጣው 2.34 ቀድሞ ለብቻቸው የነበሩ ላይብረሪዎችን ወደ ዋናው ሲያጠቃልል፣ ማንኛውም ፕሮግራም የሚጀመርበት ተግባር ራሱ አዲስ ምልክት ተሰጠው። በዚህም የተነሣ ኡቡንቱ 22.04 ላይ ኮምፓይል የተደረገና «ሰላም» የሚል ቃል ከማተም በቀር ሌላ ሥራ የሌለው ፕሮግራም ወደ ኡቡንቱ 20.04 ቢወሰድ አይነሣም።

ወደ እኛ ጉዳይ ስንመጣ፣ በፋብሪካ ውስጥ በብዛት የማገኘው ሴንትኦኤስ 7ን ነው። ይህ ሲስተም እ.ኤ.አ. በጁላይ 2014 ሲወጣ የያዘው ጂሊብሲ 2.17 ሲሆን ድጋፉ እስከቆመበት እስከ ሰኔ 23 ቀን 2016 ዓ.ም. ድረስ በዚያው ቁጥር ኖሯል። በዚያው ጊዜ ውስጥ ዓለም ወደ 2.28 ተሻገረ። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2022 የወጣው ኖድ ጄኤስ 18 ተዘጋጅቶ የሚታደለው ቅጂ 2.28ን ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ቪዥዋል ስቱዲዮ ኮድ ይህንኑ ቁጥር ግዴታ ባደረገ ጊዜ፣ በየአገሩ ያሉ መሐንዲሶች ከሩቅ ሆነው የሚሠሩባቸው አሮጌ ሰርቨሮች በአንድ ሌሊት ተዘጉባቸው፤ ጩኸቱ ስለበረታም አዘጋጆቹ በጥቂት ቀናት ውስጥ የአንድ ዓመት ፋታ ለመስጠት ተገደዱ። ታላላቅ ድርጅቶች ጮኸው ፋታ ያገኛሉ፤ የዱከም ፋብሪካ ቢጮህ የሚሰማው የለም።

ስሙን መጥቀስ የማያስፈልግ አንድ የዱከም ፋብሪካ የገጠመውን ልንገራችሁ፤ እኔ የተጠራሁት ነገሩ ከደረሰ በኋላ ነው። በማሸጊያው ክፍል ውስጥ ከሚዛኖቹ ክብደት ተቀብሎ ስቲከር የሚያትምና የቀኑን ምርት አዲስ አበባ ላለው ዋና መሥሪያ ቤት የሚልክ አንድ ኮምፒዩተር አለ፤ ሲስተሙ ሴንትኦኤስ 7 ነው። ዋናው መሥሪያ ቤት የራሱን ሰርቨር ሲያድስ ቲኤልኤስ 1.3 ከተባለው አዲስ የምስጢር ፕሮቶኮል በቀር ሌላ እንደማይቀበል ወሰነ። ሴንትኦኤስ 7 የያዘው ኦፕንኤስኤስኤል 1.0.2 ደግሞ ይህን ፕሮቶኮል አያውቅም፤ ይህም ራሱ የላይብረሪ እርጅና ነው፣ በሌላ በር የገባ። የመሣሪያው አቅራቢ ሲጠየቅ አዲስ እትም በኢሜይል ላከ። አዲሱ እትም ሲነሣ 2.28 ካልተገኘ አልሠራም አለ።

የሌሊት ፈረቃው ቴክኒሻን መልእክቱን አነበበና የተባለውን ፈለገ። ከሌላ አዲስ ኮምፒዩተር ላይ የ2.28ን የላይብረሪ ፋይል በፍላሽ ቀድቶ አመጣ፤ ከአሮጌው ጎን አስቀመጠና ሲስተሙ ሲ ላይብረሪን የሚጠራበትን ስም ከአሮጌው ፋይል ነቅሎ ወደ አዲሱ አዞረው። ይህን ሰው ሰነፍ የሚል ቢኖር አልስማማም፤ መልእክቱ የጠየቀውን ቃል በቃል ነው የፈጸመው። ነገር ግን ጫኙና ላይብረሪው መንትዮች ናቸው። አንድ ላይ የተሠሩና በመካከላቸው ሌላ የማያውቀው ቋንቋ ያላቸው ስለሆኑ፣ የ2.17 ጫኝ ከ2.28 ላይብረሪ ጋር ሊሠራ አይችልም። ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ ፋይል የሚዘረዝረው፣ የሚቀዳው፣ የሚያንቀሳቅሰው ትእዛዝ ሁሉ ሞተ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፣ ስሙን መልሶ ለማዞር የሚያገለግለው ትእዛዝ ራሱ ከሞቱት አንዱ ነበር። በመጨረሻም ብዙዎቻችን የምናደርገውን አደረገ፤ ኮምፒዩተሩን አጥፍቶ አስነሣ። ሲስተሙ የመጀመሪያውን ፕሮግራሙን እንኳ ማስነሣት ስላልቻለ እዚያው ቀረ።

ማሽኖቹ መሥራት አላቆሙም፤ እነሱን የሚያዛቸው ሌላ መቆጣጠሪያ ነው። ነገር ግን ክብደቱና ቀኑ ያልተጻፈበት ጥቅል ከመጋዘን አይወጣም። ጠዋት ስደርስ መተላለፊያው እስከ በሩ ድረስ በጥቅል ተሞልቶ የጭነት መኪናዎቹ በግቢው ውስጥ ቆመው ነበር።

ከዚህ ላይ ለሥራ የሚጠቅም አንድ ነገር ልጨምር። እንዲህ ያለ አደጋ ሲደርስ ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው አለማጥፋት ነው። የተከፈተው የትእዛዝ መስኮት አሮጌውን ላይብረሪ በማስታወሻ ውስጥ እንደያዘ ስለሆነ ገና በሕይወት አለ፤ ከተዘጋ ግን ሌላ አይከፈትም። ሁለተኛ፣ የሬድ ሃት ቤተሰብ በሆኑ ሲስተሞች ላይ ኤስኤልኤን የምትባል፣ ላይብረሪ ሳትፈልግ በራሷ የምትቆም ትንሽ ትእዛዝ አለች። የተነገረላት ሥራ አንድ ብቻ ነው፦ የተዛነፈን ስም ወደ ቦታው መመለስ። አሮጌው ፋይል ካልጠፋ በእሷ አማካይነት ነገሩ በአንድ ደቂቃ ይስተካከላል። አሮጌው ፋይል ላይ አዲሱ ተደርቦ ተቀድቶ ከሆነ ግን ሌላ ነው፤ ያን ጊዜ ከፍላሽ በሚነሣ ሌላ ሲስተም መግባት ግድ ይሆናል። በዚያ ፋብሪካ አሮጌው ፋይል ደኅና ነበር፤ ኮምፒዩተሩ ጠፍቶ ስለነበረ ግን በፍላሽ አስነሥተን ስሙን መለስነው፣ ሲስተሙም እንደ ቀድሞው ተነሣ። የቀረው አዲሱን ፕሮግራም ማስነሣት ነበር።

ታዲያ ትክክለኛው መንገድ የትኛው ነው? የእኔ እምነት ግልጽ ነው፦ የሲስተሙ ላይብረሪ አይነካ። ቤት ውስጥ ሰው እየኖረ መሠረቱ አይነቀልም። ፕሮግራሙ ወደ አሮጌው መሠረት ይውረድ፣ ካልሆነም የራሱን መሠረት ተሸክሞ ይምጣ።

ወደ አሮጌው መሠረት ማውረድ ማለት ፕሮግራሙን አሮጌው ላይብረሪ ባለበት ሲስተም ላይ ኮምፓይል ማድረግ ነው። አቅራቢው ይህን እንዲያደርግ መጠየቅ ነውር የለበትም፤ ከሁሉ የረከሰውና የጸናው መፍትሔም ይኸው ነው። የፓይተን ማኅበረሰብ ለብዙ ዓመታት ለሊኑክስ የሚታደሉትን ጥቅሎች የሚሠራው ሆን ብሎ በአሮጌ ሲስተም ላይ ነው፤ በመጀመሪያ በሴንትኦኤስ 5፣ በኋላም በሴንትኦኤስ 7። አሮጌ ላይ የተሠራ በአሮጌውም በአዲሱም ይነሣልና። «አሮጌ ኮምፓይለር አዲሱን የሲ ፕላስ ፕላስ አጻጻፍ አያውቅም» የሚል መልስ ከአቅራቢው ቢመጣ አትቀበሉት፤ ሬድ ሃት ለዚሁ ሲል አዲስ ኮምፓይለር በአሮጌ ሲስተም ላይ የሚያሠራ ዴቭቱልሴት የተባለ ጥቅል አዘጋጅቶ ነበር፣ የሚጎድለውንም አዲስ የላይብረሪ ክፍል በፕሮግራሙ ውስጥ ጠቅልሎ ያስገባል።

አቅራቢው እምቢ ካለ ወይም ከገበያ ወጥቶ እንደሆነ ሁለተኛው መንገድ ይቀራል። እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ በዶከር የታወቀው ኮንቴይነር ማለት ፕሮግራሙን ከነላይብረሪዎቹ በአንድ ዕቃ ውስጥ ማሸግ ነው፤ በየቀኑ በዚህ መንገድ ወደ ሞጆ ደረቅ ወደብ የሚያልፉትን ኮንቴይነሮች የምታዩ ሁሉ ስሙ ከየት እንደተወሰደ አይጠፋችሁም። በዚያ ፋብሪካ ያደረግነውም ይህንኑ ነው። 2.28ን የያዘ የአልማሊኑክስ 8 ኮንቴይነር አዲስ አበባ ላይ ተዘጋጅቶ በአንድ ፋይል ታሸገ፤ የፋብሪካው ኢንተርኔት ያን ያህል ፋይል ለማውረድ ስለማይመች በፍላሽ ተጭኖ በመኪና መጣ። በማግስቱ ማታ ስቲከር መታተም ጀመረ። ከሥር ያለው ሲስተም ዛሬም 2.17 ነው፤ ከእሱ ማንም ምንም አልነካም።

ኮንቴይነርም ቢሆን ወሰን አለው። ላይብረሪውን ይዞ ይሄዳል እንጂ ከርነሉን አይዝም፤ የሚሠራው በባለቤቱ ከርነል ላይ ነው። ጂሊብሲ ከ2.26 ጀምሮ ከ3.2 በታች የሆነ ከርነል አይቀበልም። ስለዚህ ከርነሉ 2.6.32 በሆነው በሴንትኦኤስ 6 ላይ አዲስ ኮንቴይነር ቢያነሡ «ከርነሉ እጅግ አሮጌ ነው» ብሎ ይቆማል። የሴንትኦኤስ 7 ከርነል 3.10 ስለሆነ እኛ ከዚህ ተርፈናል።

ኮንቴይነር በማይቻልበት ቦታ አዲሱን ላይብረሪ ከነጫኙ ለብቻው በሌላ ማኅደር አስቀምጦ ያን አንድ ፕሮግራም ብቻ ወደዚያ ማመልከት ይቻላል። ፓችኤልፍ የተባለው መሣሪያ በፕሮግራሙ ራስ ላይ የተጻፈውን የጫኝ አድራሻ ይለውጣል። ሠርቼበታለሁ፤ ይሠራል። ግን የላይብረሪ መፈለጊያውን መንገድ ለመላው ሲስተም በሚሆን ቅንብር ላይ የሚጽፉ ሰዎች አሉና ይህን እንዳታደርጉ አደራ እላለሁ። ያን ጊዜ ሌላው ፕሮግራም ሁሉ አሮጌ ጫኝ ይዞ አዲስ ላይብረሪ ይገናኛል፤ ውጤቱም የዚያ ሌሊት ውጤት ነው። ሁሉንም በአንድ ፋይል ውስጥ ጠቅልሎ ያለ ላይብረሪ የሚነሣ ፕሮግራም መሥራትም አንዱ ዘዴ ነው፤ ለዚህ ከጂሊብሲ ይልቅ መስል የተባለው ትንሹ የሲ ላይብረሪ ይመቻል።

በዊንዶውስ ላይ ያለው ሁኔታ በመልኩ የተለየ ቢሆንም በጠባዩ ያው ነው። «ይህ ዲኤልኤል አልተገኘም» የሚለውን መስኮት ያላየ የለም። አዲስ ፕሮግራም በዊንዶውስ 7 ላይ ሲጫን ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ከዊንዶውስ 10 ጋር ተወልዶ ለአሮጌዎቹ በማሻሻያ መልክ የተሰጠው የሲ ላይብረሪ ነው። መድኃኒቱ ከማይክሮሶፍት የሚገኘውን የቪዥዋል ሲ ፕላስ ፕላስ ጥቅል መጫን ሲሆን፣ አንዱን ዲኤልኤል ብቻ ከማይታወቅ ድረ ገጽ አውርዶ መወርወር ግን ችግሩን አይፈታም፤ በዚያ ላይ ቫይረስ ጋብዞ ማስገባት ይሆናል። ዊንዶውስ 7 ድጋፉ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 14 ቀን 2020፣ ዊንዶውስ 10 ደግሞ በኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል።

«ይህ ሁሉ ድካም ለምን? ሲስተሙን በሙሉ ወደ አዲስ እትም ማሳደግ አይሻልም ወይ?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ አውቃለሁ። በቢሮ ኮምፒዩተር ላይ አዎን ይሻላል። መረጃ በተሸከመ ሰርቨር ላይ ግን ማሳደግም የራሱ ወጥመድ አለው፤ ስለዚህም ወጥመድ በአገራችን በቂ ስላልተነገረ ጥቂት ልዘርዝረው። ስሞችን በፊደል ተራ የሚደረድረው ሕግ የሚገኘው በጂሊብሲ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2018 በወጣው 2.28 ላይ ይህ የአደራደር ሕግ ከዓለም አቀፉ ደረጃ ጋር እንዲስማማ በስፋት ተለወጠ። ፖስትግሬስ የተባለው ዳታቤዝ ደግሞ የስም ማውጫዎቹን የሚሠራው፣ ሌላ ካልተነገረው በቀር፣ በዚሁ ሕግ ነው። ስለዚህ የዳታቤዙ ፋይሎች በ2.17 ላይ ተጽፈው ሳለ ሥራቸውን ሳያውኩ ወደ 2.28 ቢዘዋወሩ፣ ማውጫው በአሮጌው ተራ ተደርድሮ ፍለጋው በአዲሱ ተራ ይካሄዳል። ዳታቤዙ ሥራውን አያቆምም፤ ስሕተትም አይጽፍም። በመዝገቡ ውስጥ ያለ ሠራተኛ ሲፈለግ «የለም» ይላል፤ አንድ ብቻ መሆን የሚገባው ስም ሁለት ጊዜ ይመዘገባል። ደመወዝ በዚህ መዝገብ ለሚከፈልበት ፋብሪካ ይህ ከማይነሣ ፕሮግራም ይከፋል፤ የማይነሣው ቢያንስ እምቢ ማለቱን ይናገራል። ዳታቤዝ ያለበትን ሲስተም የሚያሳድግ ሰው ማውጫዎቹን ሁሉ ወዲያው እንደገና መሥራት አለበት፣ ወይም መረጃውን በጽሑፍ አውጥቶ በአዲሱ ላይ እንደገና ማስገባት።

የቁጥር ማርጀት ሁሉ የይዘት ማርጀት አለመሆኑንም ማወቅ ያሻል። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2015 ጎስት የተባለው አደገኛ ቀዳዳ በጂሊብሲ ውስጥ ሲገለጥ፣ 2.17 ከተጠቁት አንዱ ነበር። ነገር ግን ሬድ ሃትና ሴንትኦኤስ ቁጥሩን ሳይለውጡ ቀዳዳውን ደፈኑት። ድጋፍ እስካለ ድረስ አሮጌ ቁጥር የያዘ ሲስተም የተጠገነ ልብስ ነው፤ ያረጀ ይመስላል እንጂ አያሳፍርም። ድጋፉ ከቆመ ወዲያ ግን የሚጠግን የለም። ኮንቴይነሩ ፕሮግራሙን ያስነሣል፤ ከሥር ያለውን ሲስተም ግን ከአጥቂ አይጠብቀውም። እንዲህ ያለው ኮምፒዩተር ከኢንተርኔት ተለይቶ፣ ከሚያስፈልገው አንድ አድራሻ በቀር ከማንም እንዳይነጋገር መደረግ አለበት።

ሴንትኦኤስ 7 ሲያበቃ ሌላም ነገር ተከተለ። ጥቅሎች የሚወርዱባቸው የመረብ አድራሻዎች ተዘግተው ፋይሎቹ ወደ ቤተ መዛግብት ስለተዛወሩ፣ እስከ ዋዜማው ድረስ ጥቅል ያወርድ የነበረ ሰርቨር በማግስቱ አድራሻው እንደማይገኝ ይናገር ጀመር። ለእኛ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ተቋርጦ ለሦስት ሳምንታት ያህል ሲቆይ፣ አንዲት ላይብረሪ የጎደለችው ሰው ከየትም ሊያመጣት አልቻለም። በዚያን ጊዜ ሥራቸው ያልቆመ ባልደረቦቼ የሲስተማቸውን ጥቅሎች በሙሉ በአንድ ዲስክ ላይ ቀድተው በመሳቢያቸው ውስጥ ያስቀመጡት ነበሩ። የአንድ ሲስተም ሙሉ ጥቅል በዛሬው ዋጋ በአንድ መለስተኛ ዲስክ ላይ ይገባል። በየፋብሪካው አንድ አንድ ቢቀመጥ፣ አለበለዚያም ማኅበራችን ለዱከም፣ ለቢሾፍቱ፣ ለሞጆና ለአዳማ አባላቱ አንድ የጋራ ቢይዝ፣ ከብዙ የሌሊት ጥሪ ያድነን ነበር። ሐሳቡን ለሥራ አስፈጻሚው ኮሚቴ በጽሑፍ አቅርቤአለሁ።

የመጨረሻው ነጥቤ ስለ ግዢ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ አብዛኛው ችግራችን የሚጀምረው ፕሮግራሙ እምቢ ባለ ቀን አይደለም፤ የጨረታው ሰነድ በጥድፊያ በተጻፈ ቀን ነው። የማምረቻ መሣሪያ 20 ዓመት እንዲያገለግል ይገዛል፤ በውስጡ ያለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ግን ድጋፉ ብዙ ጊዜ ከ10 ዓመት አይበልጥም፣ ያውም ከወጣበት ቀን እንጂ እኛ ከገዛንበት ቀን አይቆጠርም። በሰነዶቻችን ውስጥ የሞተሩ ኃይል፣ የቀበቶው ስፋት፣ የመለዋወጫው ዝርዝር አለ፤ ስለ ላይብረሪ ግን አንዲት መስመር የለችም። አቅራቢው የሲስተሙን ስምና ድጋፉ የሚያበቃበትን ቀን እንዲያሳውቅ፣ ወደፊት የሚልካቸውን እትሞች ሁሉ መሣሪያው በያዘው ላይብረሪ ላይ እንዲሠራ አድርጎ ኮምፓይል እንዲያደርግ፣ ሥራውን ቢያቆምም ምንጩን ለገዢው እንዲያስረክብ በውል መጻፍ ይገባል። በውጭ ምንዛሪ እጥረት አዲስ መሣሪያ ማስገባት ለዓመታት በሚዘገይበት አገር እነዚህ ሦስት ሐረጎች ከመለዋወጫ ዝርዝሩ ያነሱ አይደሉም።

ውሉን ስትጽፉ ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም.ንም አስቡ። ባለ 32 ቢት ፕሮግራሞች ጊዜን የሚቆጥሩት ከታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. ጀምሮ በሰከንድ ነው፤ ቆጠራውም በእኛ አቆጣጠር በዚያ የጥምቀት ዕለት ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ላይ ይሞላና በሚቀጥለው ሰከንድ ወደ ኋላ ይገለበጣል። ባለ 64 ቢት ኮምፒዩተሮቻችን አይነኩም፤ በማሽኖቹ ላይ የተገጠሙት ትናንሽ መቆጣጠሪያዎችና ስክሪኖች ግን ብዙዎቹ ባለ 32 ቢት ናቸው። ማረሚያው በጂሊብሲ ውስጥ የገባው በ2.34 ሲሆን፣ እሱም ቢሆን ፕሮግራሙ በአዲሱ የጊዜ ልክ እንደገና ኮምፓይል ካልተደረገ አይሠራም። ዛሬ የምንገዛው መሣሪያ ያን ቀን የሚያየው በእርግጥ ነው። በየፋብሪካችሁ ያሉትን ባለ 32 ቢት መቆጣጠሪያዎች ለመመዝገብ የሚያገለግል አንድ ገጽ ቅጽ አዘጋጅቼ በበሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጫለሁ፤ ስትወጡ እንድትወስዱ እጠይቃለሁ። ለጥያቄዎቻችሁ ጊዜ እንዲተርፍ ንግግሬን እዚህ ላይ አቆማለሁ።